ሳላነብ የነጠቅኳት መጽሐፍ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ የማይተረትበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ዕቃ ሲጠፋ፣ ባል ሲያመሽ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ ሲመጣ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው እርሱ ነው። ይሁንና መጠርጠር አንድ ነገር ነው፤ መመርመር ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ዘግይቼም ቢሆን ያሳየኝ ከልጄ እጅ የነጠቅኩት አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ውድ እናቶችና እህቶች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በፈተና ሰሞን አንድ ማታ ወደ መኝታ ክፍሏ ስገባ የሒሳብ ደብተሯ ከፊቷ ተዘርግቷል። ከደብተሩ ሥር ግን ሌላ መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ላይ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ሰው ተስሏል።

«የምታጠኚው ይህን ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ገዳዩን ልደርስበት ነው» አለችኝ።

«ገዳይ» የሚለውን ቃል ከልጄ አፍ መስማቴ ይበልጥ አናደደኝ። መጽሐፉን ነጥቄ፣ መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። ሳሎን ሆኜ ስሰማት ታለቅሳለች። ነገ ትረሳዋለች ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ ጉዳዩን ለባልደረቦቼ ሳወራ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የጽሑፍ አራሚያችን ቀና ብለው «ለመሆኑ አንብበሽዋል?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የደም መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው ሳትመረምሪ ነዋ የፈረድሽባት» ብለው ወደ እርማታቸው ተመለሱ።

አነጋገራቸው ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እውነት ለመናገር እኔ ንባብ የምወድ ሰው ነበርኩ። እናቴ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስታወራ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሠፈሩ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር እየነገረችኝ ነው ያደግኩት። የፍቅርና የታሪክ ልብ ወለድ አንብቤ አልጠግብም ነበር። የወንጀል ምርመራ የሚባለውን ዘርፍ ግን ነክቼው አላውቅም። የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው ልጄ ከተወለደ ወዲህ ደግሞ ለሥራዬ ከሚያስፈልገኝ በቀር ምንም ዓይነት መጽሐፍ ይዤ ቁጭ ያልኩበት ቀን ጥቂት ነው። እናት ማንበብ የምትተወው መጽሐፍ ጠልታ አይደለም፤ ሌሊቱ አልበቃ ብሏት ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ የነጠቅኩትን መጽሐፍ ከመሳቢያ አወጣሁ። ሁለት ገጽ አይቼ ምን ያህል መጥፎ እንደሆነ ላረጋግጥ ነበር ሐሳቤ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ጀመርኩ። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳየው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የታተመ ሲሆን፣ አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ግድያ በቄሱ መኖሪያ» እንደማለት ነው። በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር የሚኖሩ፣ ብዙ ሰው የማይወዳቸው ኮሎኔል፣ በቄሱ ቤት የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ተገድለው ይገኛሉ። ታሪኩን የሚተርኩልን ቄሱ ራሳቸው ናቸው። ገዳዩ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ ላላነበበ ሰው ገዳዩን መንገር ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ወጡን ጨርሶ እንደመብላት ያለ ነውር መሆኑን አሁን ተምሬአለሁ።

በመጀመሪያ የገረመኝ ደም ፍለጋ ገብቼ ደም ማጣቴ ነው። ግድያው የተፈጸመው አንባቢው በሌለበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥያቄ ነው። ማን የት ነበር? በስንት ሰዓት? ማን አየው? እገሌ እንዲህ ያለው ለምንድን ነው? ሁለተኛው የገረመኝ ደግሞ ምስጢሩን የምትፈታው ሰው ማንነት ነው። ሽጉጥ የታጠቀ ጎበዝ መርማሪ ስጠብቅ፣ ብቅ ያለችው ሚስ ማርፕል የተባለች፣ ያላገባች፣ ሹራብ የምትሠራና አትክልቷን የምትኮተኩት አሮጊት ናት። የመንደሩ ሰው ወሬኛ ይላታል፤ ፖሊሶቹም ከቁም ነገር አይቆጥሯትም። እርሷ ግን አትክልቷን እየኮተኮተች፣ ወፍ የምትመለከት መስላ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ታያለች።

ጥበቧ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አዲስ ነገር ሲገጥማት በመንደሩ ከዚህ ቀደም ከሆነ አንድ ትንሽ ጉዳይ ጋር ታስተያየዋለች። የእገሊት ሠራተኛ እንዲህ አድርጋ ነበር፤ የእገሌ ልጅም እንዲህ ብሎ ዋሽቶ ነበር ትላለች። የሰው ባሕርይ በትንሹም በትልቁም ጉዳይ ያው ነው የሚል እምነት አላት። ይህንን ሳነብ ሴት አያቴ ትዝ አለችኝ። እርሷም ከበረንዳ ሆና ስፌቷን እየሰፋች የሠፈሩን ነገር ሁሉ ታውቅ ነበር። «የሴት ወሬ» እየተባለ የሚናቀው ዕውቀት፣ አስተውሎና ፍትሐዊነት ሲታከሉበት ትልቅ ዕውቀት መሆኑን በዚህ መጽሐፍ ተረዳሁ።

በዚህም ተነሳስቼ ስለ ደራሲዋና ስለ ጽሑፉ ዘርፍ ጥቂት አነበብኩ። አጋታ ክሪስቲ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1890 በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል ቁስለኞችን ስታስታምም ቆይታ ወደ መድኃኒት ክፍል ተዛወረች። በኋላ በመጽሐፎቿ ውስጥ ስለ መርዝ የጻፈችው ዕውቀት የተገኘው ከዚያ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏን ለመጻፍ ያነሳሳት እኅቷ «አንቺ የምርመራ ልብ ወለድ መጻፍ አትችይም» ብላ ስለተከራከረቻት ነበር። ጽፋ ስትጨርስ አሳታሚዎች በተደጋጋሚ መለሱባት። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1920 ታተመላት። እ.ኤ.አ. በ1976 እስካረፈች ድረስ 66 የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ጽፋለች።

የዘርፉ ታሪክ ከእርሷም ይቀድማል። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ እንደ መነሻ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1878 አና ካትሪን ግሪን የተባለች አሜሪካዊት ሴት ብዙ የተነበበ የምርመራ ልብ ወለድ አውጥታለች። ስኮትላንዳዊው አርተር ኮናን ዶይል ሸርሎክ ሆምስን ለዓለም ያስተዋወቀው ከእርሷ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን በአማርኛ በመጻፍ ከሚታወቁት ቀደምት ደራሲዎች አንዱ ናቸው፤ ማሞ ውድነህም በርካታ የስለላ ታሪኮችን ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋል። አራሚያችን ጋሼ በወጣትነታቸው እነዚህን መጻሕፍት ከአዟሪ በሳንቲም እየተከራዩ፣ ሌሊቱን አንብበው በጠዋት ይመልሱ እንደነበር ሲያጫውቱኝ ፊታቸው ላይ የልጅነት ፈገግታ ይታይ ነበር።

የዘርፉ ጸሐፊዎች ለአንባቢ የሚታመኑበት ሕግም አላቸው። ሮናልድ ኖክስ የተባሉ እንግሊዛዊ ካህንና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 አሥር ሕጎች ጽፈው ነበር። ከእነዚህ መካከል ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት የሚል ይገኛል። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም። ምስጢሩ በአጋጣሚ ወይም በመንፈስ ኃይል መፈታትም አይገባውም። ባጭሩ፣ የሚፈረደው በማስረጃ ነው፤ ማስረጃውም ለሁሉም እኩል የተዘረጋ ነው።

ይህን ሳነብ የአገራችን ሌባ ሻይ ትዝ አለኝ። በድሮ ዘመን ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። ልጁ በመድኃኒቱ ኃይል እየተንገዳገደ ሲሄድ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ምስክር አልተጠየቀም፤ ፍንጭም አልተፈለገም፤ ልጁ ወድቋልና ነገሩ አለቀ። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። እኔም ስቄ ነበር። ሳቄን የገታው ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ የግድግዳ ያህል ተራ የሆነ ነገር ነው፤ እርሱም ሰዓት ነው።

በቄሱ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ያለው ሰዓት ቄሱ እንዳይዘገዩ ተብሎ ሁልጊዜ ሩብ ሰዓት እንዲቀድም ተደርጎ የሚሞላ ነው። በብዙዎቻችን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባቸው ሰዓቱን አሥር ደቂቃ የማናስቀድም እናቶች ጥቂት ነን። መርማሪው ፖሊስ ቆሞ የተገኘውን ሰዓት አይቶ ግድያው የተፈጸመበትን ጊዜ ይወስናል። ቄሱ ስለ ሰዓቱ ሊነግሩት ሲሞክሩ ቸኩሎ ያቋርጣቸዋል። አንድ የተሳሳተ መነሻ ይዞ ስለተነሣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ጠማማ ይሆናል።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። ምክንያቱም እኔም በሕይወቴ አንድ ጊዜ በተሳሳተ ሰዓት ፈርጃለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ አንድ ጥንድ የወርቅ የጆሮ ጌጥ ጠፋብኝ። ሁልጊዜ የማስቀምጠው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ነበር። ሣጥኗን ስከፍት ባዶ ናት። ቤቱን ገለባብጠን አጣነው። በዚያን ጊዜ አብራን የምትኖር፣ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረች። መኝታ ክፍሉን የምታጸዳው እርሷ ናት። እኅቴ «ከእርሷ ሌላ ማን ይገባል?» አለች። ጎረቤቴም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ። ልጅቷን ጠርቼ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ሻንጣዋን በፊቷ በረበርኩ፤ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላና የእናቷ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። «ሸጣው ይሆናል» አልን። የአሥራ ሁለት ቀን ደመወዟን ሳልከፍላት አሰናበትኳት። ከበር ስትወጣ «እትዬ፣ እኔ አልወሰድኩም» ከማለት በቀር አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም።

ወራት አለፉ። ክረምት ሲገባ ካፖርቴን ለማጠብ ሳነሣው ከታችኛው ጠርዝ አንድ ጠጣር ነገር እጄን ነካኝ። ገበሩን ተርትሬ ሳየው የጆሮ ጌጦቼ ናቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ከመጥፋቱ ሳምንት ቀደም ብሎ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ከለቅሶው ቤት በር ላይ ስደርስ ጌጥ አድርጌ መግባት አፍሬ አወለቅሁትና ኪሴ ከተትኩት። ኪሱ ቀዳዳ ነበር።

እስቲ አስተውሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር «መኝታ ክፍሉ ማን ገባ?» ብለን ደጋግመን ጠየቅን። «ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግሽው መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ጌጡ ከሣጥኑ ጠፋ የሚለው መነሻዬ ራሱ ስሕተት ነበር። ጌጡ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። የቄሱ ሰዓት ሩብ ሰዓት እንደቀደመ ሁሉ የእኔም ሰዓት አንድ ሳምንት ስቶ ነበር። ማስረጃ ሳይኖረኝ ልጁ ወደቀ ብዬ በልቤ ሌባ ሻይ ጠጥቼ ነበር። ሌላ የሚወድቅበት ቤት ስላልነበረ ከሁሉ በታች ባለችው ላይ ወደቀ።

ልጅቷን ፈለግኳት። ያመጣት ደላላ ወደ አገሯ ተመልሳለች ከማለት በቀር የሚያውቀው አልነበረውም። በሠፈሩ ከምታውቃቸው ልጆች አንዷ «አፍራ ነው የሄደችው፤ ሌባ ተብላ ሌላ ቤት መቀጠር አቃታት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይህን ታሪክ ለማንም አላወራሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ የዘጋሁትን መሳቢያ የከፈተው፣ የሥራ ፈት ጨዋታ ያልኩት መጽሐፍ ነው።

እርግጥ ነው፣ ልብ ወለድ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልሰብክም። የወንጀል ልብ ወለድ የሚባለው ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ጭካኔን እየዘረዘረ፣ በተለይም በሴት ላይ የሚፈጸመውን ግፍ ለመደሰቻ የሚያቀርብ አለ። እርሱ ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም አይበጅም። ነገርን ከሥሩ የሚመረምረው ግን ሌላ ነው። አንባቢውን ያስባል፤ ትዕግሥት ያስተምራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሌባ ወይም ገዳይ ያልነው ሰው በመጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ የራሳችንን ችኮላ ያሳየናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? እኔ ግን ያፈሰስኩትን ለመልቀም እንኳ አልታደልኩም።

እንግዲህ ከዚህ ተሞክሮዬ ለእናቶች የማካፍለው ጥቂት ምክር አለኝ።

ልጆቻችን የሚያነቡት መጽሐፍ ካሳሰበን፣ ከመንጠቃችን በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እናንብብ። ካልወደድነው ምክንያቱን እንንገራቸው። ከወደድነው ደግሞ የንባብና የጥናት ሰዓት እንለይላቸው። በድብቅ የሚያነብ ልጅ የሚማረው ማንበብን ብቻ አይደለም፤ መደበቅንም ጭምር ነው።

ይህን ዘርፍ ለመሞከር የምትፈልግ እናት በአጭር ታሪክ ትጀምር። የሰዎቹ ስም ስለሚበዛ በቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፉ ማንበብ ይረዳል። በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብዳት ከአማርኛው ትነሣ፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። የመጨረሻውን ገጽ ቀድሞ ማየት ግን ክልክል ነው።

በቤት ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ «ማን ወሰደው?» ከማለት በፊት «እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼና የት ነው?» እንበል። ወረቀት ይዘን ቁጭ ብለን እንጻፈው። ከዚያ ወዲህ የት የት እንደሄድን፣ ምን ለብሰን እንደነበር እናስታውስ። ኪስና ቦርሳ፣ ገበርም ጭምር እንፈትሽ። ጥያቄ የሚጠየቅ ከሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ እኩል ይጠየቅ፤ ባልም፣ ልጅም፣ እኛም። በእንግዳ ቤት የምትኖር ልጅ ስትደነግጥ ዝም ማለቷ ጥፋተኛ መሆኗን አያሳይም። የሰው ሻንጣ መበርበር የእኛ ሥራ አይደለም። እርግጠኛ የሆነ ነገር ካለም ሕግ አለ። የሠራችበት ደመወዝ ደግሞ በማንኛውም ምክንያት የሚያዝ አይደለም፤ ላቧ ነው።

ለልጄ መጽሐፏን መለስኩላት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። «ገዳዩን አወቅሽው?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳላነብ እንደጠበቅኳት ስነግራት ማመን አቃታት። ፈተናዋ ካለቀ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ፣ ሁለታችንም ገዳዩ ነው የምንለውን ሰው ስም በወረቀት ጽፈን ከስኳር ዕቃው ሥር አስቀመጥን። ከዚያ በተራ እየተቀባበልን ጮክ ብለን አነበብነው። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ከእርሷ ጋር እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሳስበው አፈርኩ። አሁን ሌላ መጽሐፍ ጀምረናል። ታናሽ ወንድሟም ማንበብ ገና ባይችልም በወረቀት ላይ የሰው ሥዕል ሥሎ ከስኳር ዕቃው ሥር ይሸጉጣል።

የጆሮ ጌጦቹ ወደ ሣጥናቸው ተመልሰዋል፤ ግን አድርጌአቸው አላውቅም። የአሥራ ሁለት ቀን ደመወዙንም በፖስታ አድርጌ ከጎናቸው አስቀምጬዋለሁ። የምሰጣት ቀን ይመጣ ይሆን እንጃ። ለጊዜው ማድረግ የቻልኩት አሁን አብራን የምትኖረውን ልጅ ስም እንጂ «አንቺ» እያልኩ አለመጥራት፣ ደመወዟን በቀኑ መክፈልና ዕቃ ሲጠፋ በመጀመሪያ የራሴን ኪስ መፈተሽ ነው።

እናንተስ? ሳትመረምሩ የፈረዳችሁበት ሰው የለም? ካለ፣ በሕይወት ሳላችሁ ፈልጉት። እኔ ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።